የክብር ዋጋ ከማን ጎተራ ይወጣል? ሀብት፣ ዓላማና ንቅዘት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እና በ«ኦሮማይ»፣ ከባሌ ደጋ የመሬት ታሪክ አንጻር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ሀብትንና ከፍ ያለ ዓላማን መከተል ሰውን እንዴት እንደሚያበላሽ በሁለት የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ ይመረምራል። የተመረጡት ሥራዎች የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ናቸው። ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ፣ በሁለቱም ሥራዎች ሰውን የሚያበላሸው የሀብት ወይም የዓላማ መኖር ሳይሆን የዓላማው ዋጋ ከባለ ዓላማው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ነው የሚል ነው። መከራከሪያው ከልብ ወለዱ ዓለም ውጭ ያለውን አቅም ለመፈተሽ አጋርፋን በያዘው በባሌ ደጋ ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. የታየው የመሬትና የእህል ታሪክ ለንጽጽር ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ንቅዘት፣ ክብር፣ ዓላማ፣ ግብር፣ የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ባሌ ደጋ

1. መግቢያ

ዛሬ በመንግሥት ቋንቋና በመገናኛ ብዙኃን ለሹማምንት ብልሽት መጠሪያ ሆኖ የሚያገለግለው «ንቅዘት» የተሰኘው ቃል መነሻው የእህል ጎተራ ነው። ነቀዝ የገባበት ስንዴ ከላይ ሲታይ ስንዴ ነው፤ ቅርጹም ቀለሙም አልተለወጠም። ውስጡ ግን ተበልቶ ባዶ ሆኗል፤ ውኃ ውስጥ ሲጨመርም ጤናማው ሲዘቅጥ የነቀዘው ይንሳፈፋል። ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተዘረጋው የስንዴና የገብስ ማሳ የሚኖር ገበሬ ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻውም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በቦና ወቅት የሚያመርት በመሆኑ፣ የሰበሰበውን እህል ከነቀዝ መጠበቅ የዘወትር ሥራው ነው።

ቃሉ ከእህል ወደ ሰው ሲሻገር ይዞት የመጣው ሐሳብ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ጠቃሚ ነው። የነቀዘ ሰው በአንድ ጀምበር ወደ ሌላ ሰው የሚለወጥ አይደለም። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ጸሎቱና መፈክሩ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚጠፋው እነዚህ ሁሉ የቆሙለት ውስጣዊ ነገር ነው። ስለዚህ ንቅዘትን በልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ላይ ማጥናት ማለት ክፉ ሰዎችን መዘርዘር ማለት አይደለም። አንድ ሰው ራሱን ጨዋ፣ አማኝ ወይም ታጋይ ብሎ መጥራቱን ሳያቋርጥ እንዴት ባዶ እንደሚሆን መመርመር ማለት ነው።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ በሚቀርቡ የክፍል ውይይቶች «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ጊዜ የሚነበበው የፊውዳሉን ሥርዐት እንደሚነቅፍ የፍቅር ታሪክ፣ «ኦሮማይ» ደግሞ የደርግን ዘመን እንደሚያጋልጥ የፖለቲካ ልብ ወለድ ነው። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጥፋቱን ለሥርዐቱ ብቻ ሲሰጡ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ሥርዐቱ ከተለወጠ በኋላ ያው ብልሽት በአዲስ ልብስ ለምን ይመለሳል? በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የ17 ዓመት ልዩነት፣ አንድ አብዮትና አንድ የመሬት አዋጅ አለ። ሆኖም በመጀመሪያው ውስጥ በክብር ስም የተጠየቀው መሥዋዕትነት በሁለተኛው ውስጥ በአብዮት ስም ይጠየቃል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በዚህ ቀጣይነት ላይ ነው።

2. ጽንሰ ሐሳብና የንባብ ስልት

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሀብት» ማለት መሬት፣ እህል፣ ገንዘብና ከሹመት የሚገኝ ጥቅም ነው። «ዓላማ» ደግሞ ሰው ከዕለት ጥቅሙ በላይ ነው ብሎ የሚያምንበትና ለእርሱ ሲል መሥዋዕትነት መጠየቅ ተገቢ መስሎ የሚታየው ነገር ነው፤ የዘር ክብር፣ ለእግዚአብሔር የተገባ ብፅዓት፣ የአገር አንድነት፣ አብዮት ወይም ልማት ሊሆን ይችላል። በተለምዶ እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች ሆነው ይታሰባሉ። ሀብት ያባልጋል፣ ዓላማ ያነጻል ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የሹመትን ብልሽት የሚያየው ከመብላት ጋር ብቻ አያይዞ ነው።

የዓለም ክላሲክ ልብ ወለዶች ግን ይህን ክፍፍል አይቀበሉትም። በሌቭ ቶልስቶይ በ1886 እ.ኤ.አ. በታተመው አጭር ልብ ወለድ ገበሬው ፓሆም የሚፈልገው መሬት ነው፤ በባሽኪሮች አገር ፀሐይ ሳትጠልቅ በእግሩ የዞረውን ያህል ሊወስድ ተስማምቶ ከልክ በላይ ሲሮጥ ይሞታል። እርሱን የገደለው ሀብት ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋውን ግን በዋናነት የከፈለው ራሱ ነው። በስኮት ፊትዝጀራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» (1925 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጋትስቢ በሕገ ወጥ ንግድ የሚሰበስበው ሀብት ለሀብትነቱ አይደለም፤ ሀብቱ የወጣትነት ፍቅሩን መልሶ ለማግኘት ያለውን ሕልም የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በዚያ ልብ ወለድ መጨረሻ የሚሞቱት ሕልመኛው ጋትስቢና ድኾቹ የዊልሰን ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ቀድሞውኑ ባለጠጎች የነበሩት ዴዚና ቶም ምንም ሳይከፍሉ ይሄዳሉ። በፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» (1866 እ.ኤ.አ.) ራስኮልኒኮቭ አራጣ አበዳሪዋን ሲገድል ገንዘቡን ለበጎ ሥራ ማዋል እንደሚቻል ራሱን ያሳምናል። ዓላማው ከፍ ባለ መጠን ለመግደል የሚሰጠው ፈቃድም ይሰፋል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንድ የንባብ መሣሪያ ማውጣት ይቻላል። አንድ ገጸ ባሕርይ የሚከተለው ነገር ሀብት ነው ወይስ ዓላማ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው። አንደኛ፣ የዓላማውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ከፋዩ አስቀድሞ ተጠይቋል? ሦስተኛ፣ እምቢ ማለት ይችላል? ንቅዘት የሚጀምረው ዋጋው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ያ ሰው ሳይጠየቅ ሲቀርና እምቢታው እንደ ወንጀል ሲቆጠር ነው። የሚከተሉት ክፍሎች ሁለቱን የአማርኛ ልብ ወለዶች በእነዚህ ጥያቄዎች ያነባሉ።

3. ክብር የሚበላው እህል፦ ፊታውራሪ መሸሻ

ፊታውራሪ መሸሻ በተለምዶ የሚታወሱት እንደ ስግብግብ ባለ ርስት ነው። መጽሐፉ በጥሞና ሲነበብ ግን ስግብግብነት ለእኒህ ሰው ጠባብ ቃል ሆኖ ይገኛል። ፊታውራሪ ሀብትን የሚፈልጉት ለመከመር አይደለም፤ የሚያስጨንቃቸው የዘራቸው ክብር ነው። ከብዙ ትውልድ የወረሱት መኳንንታዊ ስም እንዳይጎድፍ፣ ግብራቸው ሰፍቶ እንዲታይ፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ከእርሳቸው ባነሰ ቤት እንዳትገባ ይፈልጋሉ። ይህ በእርሳቸው ዐይን ዓላማ ነው፤ ከራሳቸው ዕድሜ በፊት የነበረና ከእርሳቸው በኋላም ሊኖር የሚገባው ነገር ነው።

የዚህ ዓላማ ዋጋ ግን ከሁለት ወገን ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች በግዛታቸው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ፊታውራሪ ከተለመደው ግብር በላይ ተጨማሪ ሲጠይቁ ገበሬው ይመክርና እምቢ ይላል። በዚህ ቦታ ሦስቱም ጥያቄዎች በግልጽ ይታያሉ። ለክብሩ የሚወጣው እህል የፊታውራሪ አይደለም። ገበሬው ስለ አዲሱ ግዳጅ አልተጠየቀም፤ ታዘዘ እንጂ። እምቢ ሲልም እምቢታው እንደ ድፍረትና እንደ ዐመፅ ተቆጥሮ ጦር ይሰበቅበታል። ፊታውራሪ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ሊዘምቱ ሲነሡ፣ የሚዋጉለት ነገር የእህሉ መጠን መሆኑ ቀርቷል፤ የተደፈረ ክብር ሆኗል። ለጥቂት ቁና እህል ጦር መስበቅ የሚያሳፍር ይሆን ነበር፤ ለክብር መዝመት ግን አያሳፍርም። ሀብትና ዓላማ እንዲህ ይደጋገፋሉ፦ ሀብቱ ለዓላማው ስንቅ ይሆናል፣ ዓላማው ደግሞ ለሀብቱ ሰበብ ይሆናል።

በአበጀ በለው መሪነት የተባበረው ገበሬ ዘማቹን ጌታ ማርኮ ማዋረዱ ከመጽሐፉ ታላላቅ ትዕይንቶች አንዱ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በዚህ ቦታ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ከሽንፈቱ በኋላ የሚከተለው ነው። ፊታውራሪ ከውርደታቸው የሚማሩት ነገር የለም። የተወሰደባቸውን ክብር መመለስ ይበልጥ አስጨናቂ ይሆንባቸዋል እንጂ፣ ክብሩ በማን እህል ቆሞ እንደ ነበር ለመጠየቅ አይመለሱም። ንቅዘት የማየትን ችሎታ አስቀድሞ የሚበላ በሽታ መሆኑን ደራሲው የሚያሳዩት በዚህ ዝምታ ነው።

ሁለተኛዋ ከፋይ ሰብለ ወንጌል ናት። አባት የሚመጥናትን ባለ ዘር ሲመርጡ የጋብቻዋ ዕድሜ ያልፋል። እርሷ በዚህ ምርጫ ውስጥ ድምፅ የላትም። ሊያስተምራት የመጣውን በዛብህን በወደደች ጊዜ የአባቷ ቁጣ የተነሣው ከልጃቸው ደስታ ጋር ተቃርኖ ሳይሆን፣ የሰው ልጅ ሚዛን በዘር ብቻ የሚለካ መስሎ ስለ ታያቸው ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን ይወዳሉ፤ መጽሐፉ ይህን አይክድም። ፍቅራቸው ግን በክብራቸው በኩል ካልሆነ ወደ እርሷ መድረስ አልቻለም። ከገበሬው የተወሰደው እህል ነበር፤ ከሰብለ የተወሰደው ዕድሜ ነው።

4. ቅዱሱ ስእለት፦ የበዛብህ ወላጆች

መከራከሪያው ጨካኝ ጌቶችን ብቻ የሚገልጽ ቢሆን ኖሮ ከተለመደው የፊውዳል ነቀፋ ብዙም አይርቅም ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከዚያ ርቆ ይሄዳል። የበዛብህ ወላጆች፣ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ፣ ማንንም የማይበድሉ ቅን ሰዎች ናቸው። ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ብፅዓት ይገባሉ፤ በዛብህ በዓለማዊ ትዳር ሳይታሰር ለቤተ ክርስቲያን እንዲኖር ይሳላሉ። ፍላጎታቸው ንጹሕ ነው፤ ስእለቱም በማኅበረሰቡ ዘንድ የተከበረ ነው።

ቢሆንም የስእለቱን ዋጋ የሚከፍለው የተሳለው ሰው አይደለም። ሕፃኑ አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም ነበር። አድጎ ልቡ ወደ ሰብለ ወንጌል ሲያዘነብል፣ ፍቅሩ ከፊታውራሪ ዘር ጋር ብቻ ሳይሆን እናትና አባቱ ከገቡት ቃል ጋርም ይጋጫል። በዛብህ የተከበበው በሁለት ዓላማዎች ነው፦ በአንድ በኩል የክብር፣ በሌላ በኩል የእምነት። አንዱ ከትዕቢት፣ ሌላው ከፍቅር የመነጨ ሲሆን፣ ሁለቱም ግን ዋጋቸውን በእርሱ ሕይወት ላይ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ወላጆቹን «ነቅዘዋል» ማለት ከመጽሐፉ መንፈስ ጋር አይሄድም፤ ደራሲው በርኅራኄ ነው የሚያዩአቸው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ዋጋን ወደ ሌላ የማስተላለፍ ልማድ ከክፉ ሰዎች የሚጀምር አይደለም። ማኅበረሰቡ በጸሎትና በፍቅር ውስጥ ሲለማመደው የኖረ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሲይዘው ብቻ አደገኛነቱ ይጎላል። በዚህ ረገድ ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት የአንድ ጨካኝ ባላባት ታሪክ ሳይሆን የአንድ ማኅበረሰብ የአስተሳሰብ ታሪክ ነው።

5. ከራሱ የሚከፍል ዓላመኛ፦ ጉዱ ካሳ

ዓላማ ሁሉ ያነቅዛል የሚል ድምዳሜ ላይ እንዳይደረስ የሚከለክለው ካሳ ዳምጤ፣ በቅጽል ስሙ ጉዱ ካሳ ነው። ካሳ የመሸሻ ቤተ ዘመድ ነው፤ ቢፈልግ ኖሮ ከሥርዐቱ ጥቅም ተካፋይ ሆኖ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን የሥርዐቱን መሠረት ይጠይቃል፤ የሰው ልጅ በዘር መበላለጡን፣ ልማድ በሕግ ቦታ መቆሙን ይነቅፋል። የሚከፍለውም ከራሱ ነው። ስሙን ያጣል፤ እንደ እብድ ይቆጠራል፤ ከቤተ ዘመዱ ማዕድ ይገለላል። ዓላማውን በማንም ላይ በኃይል አልጫነም፤ ግብርም አልጠየቀበትም።

ይሁን እንጂ ጉዱ ካሳን ፍጹም አድርጎ ማንበብ ጥያቄውን ያቀለዋል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በልማዱ ላይ እንዲነሡ በሐሳብና በተግባር የሚደግፋቸው እርሱ ነው፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ሞት ነው። እነርሱ ግን ተጠይቀዋል፤ ምርጫውም የራሳቸው ነበር። በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘኑ በካሳና በመሸሻ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ዓላማ ስላለው ሌላው ስለሌለው አይደለም። ሁለቱም ዓላማ አላቸው፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ይጸኑበታል። የተለያዩት በከፋዩ ነው። ለዚህም ነው በመጽሐፉ ውስጥ «ጉድ» የተባለው ሰው ጤነኛ፣ ፊታውራሪ የተባሉት ሰው ደግሞ በሽተኛ ሆነው የሚገኙት።

6. አዲሱ ክብር፦ «ኦሮማይ»

«ኦሮማይ» የተጻፈው መኳንንቱ ከሥልጣን ከወረዱ፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለዘሩ የሚዘምት ፊታውራሪ የለም። በምትኩ ያለው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። የዘመቻው ዓላማ በመጽሐፉ መነሻ ላይ ታላቅ ሆኖ ይቀርባል፦ የፈረሰውን መጠገን፣ ጦርነቱን ማብቃት፣ አገርን አንድ ማድረግ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን ሮማንን በአዲስ አበባ ትቶ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ለመምራት አስመራ ሲገባ፣ በዚህ ዓላማ ጨርሶ የማያምን ሰው አይደለም።

በዓሉ ግርማ የሚያሳዩት ንቅዘት ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው የታወቀው ነው፤ ሹማምንት በዘመቻው ስም ወደ ምቾት፣ ወደ መጠጥና ወደ ሥልጣን ሽኩቻ ሲሳቡ ይታያሉ። ይህ የሀብት ንቅዘት ነው፤ «ሲሾም ያልበላ» የሚለው ብሂል በቂ መግለጫ ይሆነዋል። ሁለተኛው ግን ይረቅቃል፤ የሚያጠቃውም ጸጋዬን ነው። ጸጋዬ የሚዘርፈው ገንዘብ የለም። የእርሱ ሥራ ቃል ነው። ዓላማው እንዲሳካ ሲባል ያየውን ሳይሆን መባል ያለበትን መጻፍ ይጠበቅበታል። በእያንዳንዱ መግለጫ ከሐቅ ላይ ጥቂት ይቀነሳል፤ ቀኑ በገፋ መጠን ቃሉ እንደ ነቀዘ ስንዴ ቅርጹ ብቻ ይቀራል።

ዋጋውስ ከማን ወጣ? የዘመቻው ክብር ከናቅፋ ተራሮች ጋር ሲያያዝ፣ ያንን ክብር ለማስመለስ ወደ ተራራው የሚወጡት ወጣት ወታደሮች ናቸው። ትእዛዙን የሚሰጡት ሰዎች ከሩቅ ሆነው የድል ቀን ይቆርጣሉ። ወታደሩ አልተጠየቀም፤ እምቢ ማለትም ለእርሱ ሞት ነው። የጸጋዬም የግል ዓለም ከዚሁ ጋር ይፈርሳል፤ ከሮማን ጋር የነበረው ቃል ኪዳን ይናጋል፣ በአስመራ የወደዳትን ፊያሜታንም ያጣል። ርእሱ ራሱ የሚያመለክተው የመጨረሻ ስሜት «ከንቱ፣ ያለቀለት» የሚል ነው።

በመሸሻና በዘመቻው አዛዦች መካከል ያለው ተመሳሳይነት በዚህ ይጠናቀቃል። ፊታውራሪ ወደ ገበሬው የዘመቱት ክብር ስለ ተነካ ነው። ናቅፋም ከወታደራዊ ጥቅሙ በላይ የክብር ጉዳይ ሲሆን፣ መሸነፍን መቀበል ዓላማውን መካድ ይመስላል። የተደፈረ ክብር ሒሳብ አይሠራም፤ ያለፈው ኪሳራ ለሚቀጥለው ኪሳራ ምክንያት ይሆናል።

ከሁለቱ ደራስያን ሕይወት አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ሆኑ በዓሉ ግርማ የነቀፉትን መንግሥት ከውጭ ሆነው የሚመለከቱ ሰዎች አልነበሩም። ሐዲስ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል፤ በዓሉም በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበሩ። «ኦሮማይ» ከታተመ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ የደረሱበት ሳይታወቅ ቀሩ። ጸጋዬ በመግለጫዎቹ ውስጥ ያጎደለውን ሐቅ ደራሲው በራሳቸው ሕይወት ከፍለው መልሰውታል።

7. የልብ ወለዱ ሚዛን በባሌ ደጋ

ልብ ወለድ ስለ እውነተኛው ዓለም የሚሰጠው ሚዛን ካለ፣ ከተጻፈበት አገር ውጭም መመዘን መቻል አለበት። አጋርፋና አካባቢው ለዚህ ፈተና የሚመቹት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እምብርት ላይ ያለው የግብርና የመሬት ጥያቄ በባሌ የታሪክ እምብርትም ነው። ሁለተኛ፣ የዘመኑ ግጥጥሞሽ አስገራሚ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ገበሬዎችን ዐመፅ በልብ ወለድ ባሳተሙበት በ1958 ዓ.ም. በባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው እውነተኛው የገበሬዎችና የአርብቶ አደሮች ዐመፅ በመካሄድ ላይ ነበር። በጎጃምም መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ገበሬው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናታቸው የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን ዐመፆች ጎን ለጎን ያጠኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሲባል መጽሐፉ ዐመፁን አስነሣ ማለት አይደለም፤ ደራሲውና ገበሬው አንድ ዓይነት ሸክም በአንድ ዘመን አዩ ማለት ነው።

በባሌ የመሬት ልኬትና አዲሱ የግብር አሠራር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲስፋፋ በመንግሥት በኩል የተሰጠው ምክንያት ዘመናዊነት ነበር፦ መሬቱ ይለካ፣ ይመዝገብ፣ ግብሩ በሥርዐት ይከፈል። ይህ በራሱ ክፉ ዓላማ አይደለም። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ነባር ባለ ይዞታዎችን ከመሬታቸው ነቀለ፤ ግብር ያልተከፈለበት መሬት እየተወረሰ ለሌሎች ተሰጠ። ልኬቱን የሚያስፈጽመው ሹም ራሱ ከሚለካው መሬት ተጠቃሚ ሊሆን በሚችልበት ሁኔታ ሥልጣኔ የተባለው ዓላማና መሬት የተባለው ሀብት አንዱ የሌላው ሰበብ ሆኑ። ከኤል ከሬ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አውራጃዎች የተዛመተውና ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት ዐመፅ ሃይማኖታዊና ብሔራዊ መነሻዎችም ነበሩት፤ የመሬትና የግብር በደል ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ መልሶቻቸው ከፊታውራሪ መሸሻ ግዛት ጋር ይመሳሰላሉ።

ይበልጥ የሚያስተምረው ቀጥሎ የመጣው ነው። «መሬት ላራሹ» የተባለው መፈክር በ1967 ዓ.ም. ሕግ ሲሆን የባሌ ገበሬ ከባለ ርስት ነጻ ወጣ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነበር፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ዳሩ ግን በዚሁ ደጋ ላይ ሰፋፊ የመንግሥት የስንዴ እርሻዎች ተስፋፉ፤ ለትራክተርና ለኮምባይነር የተከለለው ለም መሬት ለአራሹ ቤተሰብ የተዘጋ መሬት ሆነ። ገበሬው ከራሱ ማሳ ከሚያገኘው እህልም የተወሰነውን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ነበረበት። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ክፍላተ አገር አንዷ ሆነች፤ ቤቱን አፍርሶ ወደ መንደር የገባው ሰው ትምህርት ቤትና ውኃ እንደሚቀርብለት ተነገረው።

በአጋርፋ የተቋቋመው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል የዚህ ዘመን ሌላ ገጽታ ነው። ዓላማው ገበሬውን በዕውቀት ማብቃት ነበር፤ ከዚህ ዓላማ የተገኘ ጥቅም መኖሩ አያከራክርም፤ ቦታው ዛሬም የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ነው። እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ሚዛን ጥቅሙ ይታያል። ማሠልጠኛውና ኮታው የወጡት ከአንድ መንግሥትና ከአንድ የልማት ዓላማ ነው፤ ቢሆንም አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። በመጀመሪያው ገበሬው የሚቀበል ነው፤ በሁለተኛው የሚከፍል፣ ያልተጠየቀና እምቢ ማለት የማይችል ነው። «ዓላማው ጥሩ ነበር፣ አፈጻጸሙ ተበላሸ» የሚለው የተለመደ አባባል ይህን ልዩነት ይሸፍናል። ከገበሬው ጎተራ ለሚወጣው ዋጋ ገበሬው ካልተጠየቀ ብልሽቱ ያለው ከአፈጻጸሙ በፊት፣ በዓላማው አሰያየም ውስጥ ነው።

አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ግብር የማይከፈልበት መንግሥት፣ የጋራ መሥዋዕትነት የማይጠይቅ ልማት የለም፤ ሁሉም ዋጋ ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ ነው ከተባለ ምንም ዓላማ ንጹሕ አይሆንም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ውስጥ አለ። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት የጎጃም ገበሬዎች ግብርን በመርሕ አልተቃወሙም፤ የለመዱትን ሲከፍሉ ኖረዋል። የተቃወሙት ሳይመክሩበት የተጨመረውን ነው። ጠያቂው አብሮ የሚከፍልበት፣ ከፋዩ የሚመክርበትና እምቢታ ጦር የማያስሰብቅበት መሥዋዕትነት የጋራ ሥራ ነው።

8. ማጠቃለያ

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እና በ«ኦሮማይ» ሀብትና ዓላማ ሁለት የተለያዩ የብልሽት ምንጮች ሆነው አልቀረቡም። ሀብት ያለ ዓላማ ስርቆት ይባላልና በቀላሉ ይታወቃል፤ ዓላማ ሲታከልበት ግን ስርቆቱ ግብር፣ ክብር፣ ዘመቻ ወይም ልማት የሚል ስም ያገኛል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር፣ የዘመቻው አዛዦች በአብዮት፣ ጸጋዬም በአገር አንድነት ስም የሌላውን እህል፣ የሌላውን ሕይወትና ሐቅን ያወጣሉ። ጉዱ ካሳ ግን ከራሱ ይከፍላል። የበዛብህ ወላጆች ታሪክም ይህ አደጋ ለቅን ሰዎች ጭምር ቅርብ መሆኑን ያስጠነቅቃል።

ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይህ ንባብ አንድ ተግባራዊ ነጥብ ያቀርባል። ተማሪዎች ገጸ ባሕርያትን ክፉና ደግ ብለው ከመከፋፈላቸው በፊት በእያንዳንዱ ታላቅ ቃል ሥር «ይህን የሚከፍለው ማን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ቢደረግ፣ ሁለቱ መጻሕፍት የሁለት ያለፉ ሥርዐቶች መዝገብ ብቻ ሆነው አይቀሩም። በተለይ በሮቤ፣ በጎባና በአጋርፋ የሚያድግ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፍ ውጭም ሊያገኘው ይችላል። አያቱ ስለ መሬት ልኬት፣ አባቱ ስለ ኮታ የሚያስታውሱትን ከፊታውራሪ መሸሻ ታሪክ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ይችላልና። እንዲህ ያለው የቃል ትዝታ ከልብ ወለድ ጋር ተነጻጽሮ ቢሰበሰብ ለቀጣይ ጥናት ሰፊ መስክ ይሆናል።